መቶ ሃምሳ ቃል

ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ከትምህርት ክፍሉ ቢሮ አንድ አጭር መልእክት ደረሳት። አዲስ የገቡ የሥነ ጽሑፍ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በሙሉ የጥናት ዝንባሌያቸውንና የኋላ ታሪካቸውን የሚገልጽ፣ ከመቶ ሃምሳ ቃል ያልበለጠ ጽሑፍ ከአንድ ጉርድ ፎቶግራፍ ጋር እስከ ዓርብ ቀትር እንዲልኩ ይጠይቃል። ጽሑፉ በድረ ገጽ ይወጣል፤ ታትሞም በሕንፃው መግቢያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። መልእክቱን የጻፈው የቢሮው ኃላፊ መጨረሻ ላይ «ቀላል ነገር ነው፤ አትጨነቁ» የሚል ጨምሮበታል። ከዚያ ሰዓት ወዲህ ደህና እንቅልፍ ተኝታ አታውቅም።

ዛሬ ዓርብ ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል፤ እሷ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ጣሪያውን ታያለች። መጋረጃው ከመስኮቱ አንድ ክንድ ያጥራል፤ ከእሷ በፊት እዚህ የኖረው ሰው ለሌላ መስኮት የገዛው መሆን አለበት፤ በጎደለው በኩል የሚገባው ብርሃን የተከፈተውን ኮምፒዩተር አልፎ በሩ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን የቤት ደንብ ያበራል፤ ደንቡ አሥራ አራት ቁጥር አለው፤ ሁሉንም በቃሏ ይዛዋለች፤ ምድጃ ተለኩሶ አይተው፣ ጫማ መተላለፊያ ላይ አይቀመጥ፣ በር ሲዘጋ በቀስታ ይሁን፤ ይህን የጻፈው ማን ይሆን ትላለች፤ ስም የለውም፤ ደንብ የሚጽፍ ሰው ስሙን አይጽፍም፣ ማመልከቻ የሚጽፍም አይጽፍም፣ አባቷም በሠላሳ ሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ስሙን አልጻፈም፤ እዚህ ላይ ስትደርስ ሐሳቡን እንደ ጋለ ብረት ትለቀዋለች፤ ወደ ሌላ ጎኗ ትገላበጣለች፤ ሌላው ጎን ግድግዳ ነው።

ኮምፒዩተሩ ውስጥ አሥራ አንድ ረቂቅ አለ። የመጀመሪያው መቶ አርባ ስምንት ቃል ነው፤ ‹የጥናት ዝንባሌዬ ለፍርድ ቤት በሚቀርቡ ማመልከቻዎች ውስጥ ያለው የተራኪ ድምፅ ነው› ብሎ ይጀምርና እስከ መጨረሻው አንድም ሰው ሳያነሣ ያልቃል። አራተኛው ላይ ስለ ልጅነቷ ሞክራለች፤ ‹ያደግኩት በወረቀት መሃል ነው›፤ መልሳ ስታነበው አፈረች፤ ምን ያህል ወረቀት፣ የማን ወረቀት፣ ማን አመጣው፤ አባቷ ቢያየው በቀይ ያሰምርበት ነበር። ሰባተኛው ባዶ ነው። ዘጠነኛው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አለ፤ ድንገት ማንም እንዳያየው ለፋይሉ ሌላ ስም ሰጥታዋለች። ‹አባቴ በሕይወት አለ› ይላል።

አባቷ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። በፍርድ ቤቱ በረንዳ ላይ ከግራ ሦስተኛው ጠረጴዛ የሱ ነው፤ አንድ የጽሕፈት መኪና፣ አንድ ማስመሪያ፣ ቀይና ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ደንበኛ የሚቀመጥበት መደገፊያ የሌለው ወንበር። መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ ሰው ታሪኩን ያስረዝማል ይላል። የሚጽፈውን ሁሉ በካርቦን ሁለት ያደርገዋል፤ አንዱ ከአመልካቹ ጋር ወደ ውስጥ ይገባል፣ አንዱ ከአባቷ ጋር ቤት ሄዶ አልጋው ሥር ያለው ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ፋይላችሁ ጠፋ የተባሉ ሰዎች ተመልሰው ይመጣሉና። እሷ ፊደል ከለየችበት ዓመት ጀምሮ እነዚያን ቅጂዎች እያነበበች ስሕተት ትለቅም ነበር፤ ስታድግም አልተወችውም። በረንዳው ላይ ‹አራሚዋ› ነው የሚሏት። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ግን የክፍል ጓደኞቿ አባትሽ ምን ይሠራል ሲሏት ‹ፍርድ ቤት ነው የሚሠራው› አለች። ውሸት አይደለም። የሰሙት ሁሉ ዳኛ ነው ብለው ያዙት፤ እሷም አላረመችም።

ትናንት ደውሏል፤ ወይስ ከትናንት ወዲያ ነበር፤ አይ፣ ትናንት ነው፤ በስልኩ ውስጥ የጽሕፈት መኪና ይንጣጣል፣ አንዲት ሴት ለሌላዋ ተራዬ ነው ትላለች፣ የአባቷ ድምፅ ቅርብ ነው።

«በላሽ?» ይላል። ከሰላምታ በፊት ይሄ ይቀድማል።

«በልቻለሁ አባዬ።»

«ምን በላሽ?»

«ምሳ ነዋ።»

«እሱ ሰዓቱ ነው። እኔ ምግቡን ነው የጠየቅኩሽ።»

«ሩዝ በልቻለሁ። አሁንስ አመንከኝ?»

«ለጊዜው ተቀብያለሁ። ያቺ ጽሑፍስ?»

«ገና ነኝ።»

«ስንት ቃል ሰጡሽ?»

«መቶ ሃምሳ።»

«መቶ ሃምሳማ ሰፊ ነው። እኔ ባልና ሚስት በመቶ ሃያ አፋትቻለሁ፤ የንብረት ክፍፍሉን ጨምሮ።»

ከኋላው አንድ ሰው ሳቀ። ጠበቃው ነው። ጠበቃው ጠበቃ አይደለም፤ አራተኛው ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው፤ የመጣውን ሁሉ ‹ደንበኛዬ› እያለ በማናገሩ የወጣለት ስም ነው።

«እኛንም ታንሳን በላት!» ይላል ጠበቃው። «አራሚዋን ማን አሳደጋት? በረንዳው ነው ያሳደጋት።»

«ዝም በል አንተ፤ ምስክር አልጠራንም።» አባቷ ድምፁን ወደ ስልኩ መለሰ። «ስሚኝ ልጄ። ማነሽ፣ ከየት መጣሽ፣ ምን ትፈልጊያለሽ። ዳኛ ሌላ ምን ይጠይቃል? የሆነውንና የሆነበትን ቀን ከላይ አስቀምጪ፣ የምትለምኚውን ከታች። ለቅሶ ፋይል ውስጥ አይገባም።»

«እሺ አባዬ።»

«ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ አሳትሜ ከበላዬ ግድግዳው ላይ እለጥፋታለሁ። ይሄ ሰውዬ ልጄ ነርስ ሆነች እያለ አራት ዓመት ጆሮዬን በልቶታል።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ለረጅም ጊዜ በእጇ ይዛው ተቀመጠች። የበረንዳው ግድግዳ ይታያታል፤ የተላጠው ሰማያዊ ቀለም፣ የችሎት ቀጠሮ የሚለጠፍበት ሚስማር፤ እሷ የጻፈችው ወረቀት እዚያ ሚስማር ላይ፤ ጠበቃው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ጮክ ብሎ ሲያነብ፤ ‹ስሙ ባልታወቀ ጸሐፊ የተዘጋጁ አርባ አንድ ማመልከቻዎች›፤ ማነው እሱ ስሙ ያልታወቀው ሲል፤ አባቷ የጽሕፈት መኪናውን ሲያቆም።

ምክንያቱም የሆነው እንዲህ ነው። የመመረቂያ ጽሑፏን የሠራችው በአባቷ ቅጂዎች ላይ ነው። ከሣጥኑ አርባ አንዱን መረጠች፤ የባለጉዳዮቹን ስም አጠፋች፤ አባቷ ‹ላንብባቸው ነው› ስትለው ‹አንብቢ፣ መልሰሽ በቀናቸው ደርድሪያቸው› ብሎ ፈቀደላት። የጥናቷ ፍሬ ነገር ቀላል ነው፤ ማመልከቻው ‹እኔ› ይላል፤ ‹እኔ› የተባለው ባለጉዳዩ ነው፤ ቃሉን ያገኘለት ግን ሌላ ሰው ነው፤ ታዲያ የሚናገረው ማነው። አንድ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበር፤ ተኝቶ ተገኘ ተብሎ ከአሥራ አንድ ዓመት ሥራው ተባሮ መጣ፤ እሷ ያን ቀን አጠገባቸው ነበረች፤ ሰውየው መደገፊያ የሌለው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ‹አዎ ተኝቻለሁ፣ ምን ልበል› ከማለት ሌላ የተነፈሰው የለም፤ አባቷ ትንሽ ጠበቀው፤ ከዚያ መታ፤ ‹በዕለቱ ተኝቼ የተገኘሁ መሆኔ እውነት ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት አራት ሺህ ሌሊቶች ነቅቼ ስለመገኘቴ ግን የጠየቀኝ የለም›፤ ሲነበብለት ዘበኛው ራሱን ነቀነቀና ‹እንዲያ ነው ያልኩት› አለ። በሦስተኛው ወር ወደ ሥራው ተመለሰ። ጥናቷ ውስጥ በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ብቻ ስድስት ገጽ ጽፋለች።

አባቷን ግን አልጻፈችም። ያን ሰሞን አንድ የክፍሏ ልጅ የአጎቱን ደብዳቤዎች ላጥና ብሎ ሲያቀርብ አስተማሪው በሰው ሁሉ ፊት ‹ይሄ የቤተሰብ አልበም ነው፤ ጥናት አይባልም› አሉት፤ ክፍሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ማታውኑ ገጽ አሥራ ሰባት ላይ እንዲህ አሰፈረች፦ ‹የማመልከቻዎቹ ጸሐፊ ስሙ ያልታወቀ፣ የትምህርት ደረጃውም ከአራተኛ ክፍል የማያልፍ መሆኑን ከአጻጻፉ መገመት የሚቻል ሰው ነው።› ከአጻጻፉ አልገመተችም። አራተኛ ክፍል የሚለውን ያመጣችው እናቷ በሕይወት ሳለች በጠብ መሃል ከወረወረችው ቃል ነው። አባቷን ምን ያህል ተማርክ ብላ ጠይቃው አታውቅም። ጽሑፉን ከፍርድ ቤቱ ማዶ ያለው ጠራዥ ጠረዘላት፤ አምስት ቅጂ፣ ጥቁር ሽፋን፣ ወርቃማ ፊደል። አንዱም ወደ ቤት አልገባም። አባቷ ሲጠይቃት ‹ቤተ መጻሕፍት ወሰዱት› አለችው።

ኋላ አሁን ወዳለችበት ወደዚህ የውጭ አገር ቋንቋ ተረጎመችውና ከማመልከቻዋ ጋር ለዩኒቨርሲቲው ላከችው፤ ተቀበሏት። ስትሄድ አባቷ ሻንጣዋን እስከ አውሮፕላን ማረፊያው መፈተሻ ተሸከመላት፤ አላቀፋትም፣ የሸሚዝ ኪሱን እስክሪብቶ አወጣ፣ መልሶ ከተተው፤ ‹የማታውቂውን ጠይቂ፤ መጠየቅ አያሳፍርም› አላት። ስለ በረራው መስሏት ‹እሺ፣ ምልክት አለው እኮ አባዬ› ብላ ገባች።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ አማካሪዋን ለመጀመሪያ ጊዜ አገኘቻቸው። ሽበታም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው፤ ጠረጴዛቸው ላይ የሷ ጽሑፍ ነበር፤ የዘበኛው ዓረፍተ ነገር በእርሳስ ተከቧል። «ይህን የጻፈ ሰው በሕይወት ይኖር ይሆን?» አሏት። «ብታገኚው እንዴት ያለ ነገር ነበር።» እሷ «አይመስለኝም» አለች። አንድ ቃል ነው። ወንበሩ መደገፊያ ነበረው፤ መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ውጭ አንድ ሰው ሣር ያጭድ ነበር፤ ይህን ሁሉ ታስታውሳለች፤ አማካሪዋም ‹ያሳዝናል› ብለው ገጹን ገለጡ። ያኔ አባቷ በረንዳው ላይ ነበር፤ ለአንዲት ሴት የኪራይ ጉዳይ እየጻፈ ነበር፤ ማታ በስልክ ነግሯታል። ስትገባ የፈረመችው ቅጽ ደግሞ ቁጥር ስድስት ላይ ሐሰተኛ መረጃ ያቀረበ ተማሪ ቅበላው ይሰረዛል ይላል። እውነቱን ብትጽፍ በወሯ ወደ ቤት ልትመለስ ትችላለች። ባትጽፍ ደግሞ ያ ሚስማር አለ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣች። ወጥ ቤት ከጎኗ ክፍል ያለችው የሒሳብ ተማሪ ቆማ ዳቦ ትበላለች፤ ይህች ልጅ ተቀምጣ ስትበላ ታይታ አታውቅም።

«ዛሬም አልተኛሽም» አለች።

«ያ የመቶ ሃምሳ ቃል ነገር ነው።»

«እኛንም አስጽፈውናል። እኔ ሁለት መስመር ጻፍኩ። ቁጥር እወዳለሁ፣ ከትንሽ ከተማ መጣሁ።»

«በቃ?»

«አነሰ ሲሉኝ ድመቴን ጨመርኩ።» ዳቦዋን ዋጠች። «ይሄን ያህል ምን አለው? አባትሽ ምን ይሠራል፣ ከሱ ጀምሪ።»

«ፍርድ ቤት ነው የሚሠራው» አለች፤ አፏ ለምዶታል።

«ዳኛ ነው?»

ምድጃው ላይ የጣደችው የውኃ ማፍያ ፉጨቱን ጀመረ። እስከ ዛሬ እዚህ ላይ ወሬ ትቀይር ነበር። ልጅቷ ግን ለድመቷ ያህል እንኳ አልጓጓችም፤ ዳቦዋን እያየች ነው።

«አይደለም» አለች። «ደጅ ላይ ነው የሚቀመጠው። ሰው ሲከስና ሲከሰስ እሱ ይጽፍላቸዋል።»

«አሪፍ ሥራ ነው። ታዲያ እሱን አታስጽፊውም?»

ልጅቷ ሳህኗን አጥባ ወጣች። ውኃው እየፈላ ቆየ፤ ማጥፋቱን ረስታ ቆማለች፤ ደንብ ቁጥር አንድን ጥሳ።

ወደ ክፍሏ ተመልሳ አሥራ አንዱንም ረቂቅ ዘጋች። በነጭ ገጽ ላይ መጀመሪያ ቀኑን ጻፈች። ከዚያ ማን እንደሆነች፣ ከዚያ ከየት እንደመጣች። በመጀመሪያ በአባቷ ቋንቋ ነው የጻፈችው፤ ኋላ ተረጎመችው።

‹የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። አባቴ በፍርድ ቤት በረንዳ ላይ ለሠላሳ ሦስት ዓመት ማመልከቻ ሲጽፍ ኖሯል፤ ዛሬም እየጻፈ ነው። ማንበብ የተማርኩት የሱን ቅጂዎች በማረም ነው። የማጠናው አንድ ሰው ለሌላ ሰው ‹እኔ› ብሎ ሲጽፍ የሚሆነውን ነው። ለዚህ ትምህርት ቤት ባቀረብኩት ጽሑፍ ስሙ ያልታወቀ ያልኩት ጸሐፊ አባቴ ነው። ስሙን አውቀው ነበር። በሕይወት የለም ማለቴም ሐሰት ነው። የምለምነው ይኸው እንዲታረምልኝ ነው።›

ከሥሩ የአባቷን ስም ከነአባቱ ጻፈች። ቆጠረችው፤ ከመቶ ሃምሳ በጣም ያንሳል። ፎቶግራፉን አያያዘች፤ ለቢሮው ኃላፊና ለአማካሪዋ በአንድ ላይ ላከችው። ቀትር ሊሆን ስምንት ደቂቃ ይቀር ነበር። የአማካሪዋ መልስ ከሩብ ሰዓት በኋላ መጣ፤ አንድ መስመር ነው፤ «ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ነይ» ይላል፤ ሌላ ምንም አይልም። ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ ከአንድ መስመር ውስጥ ፊት አይታይም።

ለአባቷ ደወለች፤ አላነሣም፤ ደንበኛ ፊቱ ከተቀመጠ ስልክ አያነሣም። ለታላቅ እህቷ ደወለች፤ እህቷ ከአባታቸው ጋር ነው የምትኖረው።

«እታለም፣ እቤት ነሽ?»

«ልብስ እያጠብኩ ነው። ድምፅሽ ምን ሆኗል? አመመሽ እንዴ?»

ነገረቻት። ገጽ አሥራ ሰባትን፣ ‹አይመስለኝም› ያለችውን፣ አሁን የላከችውን፤ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው። የቧንቧው ውኃ ተዘጋ።

«አባዬን ገደልኩት ነው የምትይኝ?»

«በቃል።»

«በይ እሱን አትንገሪው፤ ጠበቃው ከሰማ ተዝካር ካላወጣሁ ይላል።» ከዚያ እህቷ ቀልዱን ተወች። «ሌላውን ግን አንብቦታል እኮ።»

«ምኑን?»

«መጽሐፍሽን ነዋ። ያ ጠራዡ ስድስተኛ ቅጂ ጠርዞ ሰጠው። ልጅህ የጻፈችውን አንተ ሳታየው ቤተ መጻሕፍት ሊገባ ነው እንዴ ብሎ። ሣጥኑ ውስጥ ነው፣ ከካርቦኖቹ ጋር።»

«መቼ ነው ያነበበው?»

«እኔ ምን አውቄ። ማስመሪያ ይዞ ሲቀመጥ ሥራ መስሎኝ ነበር። ኋላ ስጠይቀው፣ ጽሕፈቱ ስሕተት በዝቶበታል፣ አራሚዋን ያረማት የለም አለ። ሌላ ምንም አልተነፈሰም።»

«እታለም፣ ገጽ አሥራ ሰባትን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ።»

«እጄ አረፋ ነው።»

«በናትሽ።»

ፎቶው ከመድረሱ በፊት አንድ አውቶቡስ በመንገዱ አለፈ፣ አንድ በር በቀስታ ተዘጋ፣ ብርሃኑ ከቤት ደንቡ ላይ ወርዶ ወለሉ ላይ ደረሰ። ከዚያ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ገጹ ትንሽ ተጣሟል፤ ጥግ ላይ የእህቷ እርጥብ አውራ ጣት ይታያል። ‹ስሙ ያልታወቀ› የሚለውን አባቷ አልነካውም፤ ከሥሩ መስመር የለም፣ ጎኑ ላይ ነጥብ እንኳ የለም። ‹አራተኛ› የሚለው ቃል ግን በማስመሪያ፣ በቀይ፣ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ተሠርዟል፤ ከላዩ በደቃቅ እጅ ጽሑፉ ‹ስድስተኛ› ይላል። ትይዩው ኅዳግ ላይ፣ ለሚያርመው ነገር ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ቀኑን ጽፎበታል። ሻንጣዋን ይዞላት መፈተሻው ድረስ ከሄደበት ቀን በአሥራ ዘጠኝ ቀን ይቀድማል።